ከመንገድ ዳር ሻጭ መክሰስ ገዝቶ ትኩሱን የመብላት ዝርዝር መመሪያ

ከመንገድ ዳር ሻጭ መክሰስ ገዝቶ መብላት ማንም ሳይማር የሚችለው ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሰው ደጋግሞ ሲያማርር የሚሰማው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመጥበሻው ሲወጣ ምራቅ ያስውጥ የነበረው መክሰስ ቤት ወይም ቢሮ ሲደርስ ላሽቆና ዘይት ጠግቦ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በማግስቱ ሆድ ማመሙ ነው። ሁለቱ ችግሮች የማይገናኙ ቢመስሉም፣ በአብዛኛው የሚመጡት ምግቡ ከእሳት ከወረደበት ቅጽበት እስከሚበላበት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በሙሉ ይህንን ጊዜ ለማሳጠር፣ ማሳጠር ካልተቻለም ጉዳቱን ለመቀነስ የታሰቡ ናቸው።

መመሪያው በዋናነት የተጻፈው በዘይት ለሚጠበስ መክሰስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወደውም የሚሳሳትበትም እሱ ነውና። በፍም ላይ ስለሚበስል፣ ስለሚቀቀልና ጥሬውን ስለሚበላ ነገር ከደረጃ 7 በኋላ ለብቻው ተጽፏል።

ከመውጣትዎ በፊት

ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ። ትንሽ ነገር ቢመስልም ከዝግጅቱ ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩ መልስ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ የእርስዎ መክሰስ ወረቀት ላይ ሆኖ ይቀዘቅዛል፣ ብሩን የቆጠረውም እጅ ተመልሶ ምግብ ይነካል። የሚከፍሉትን በልኩ ቆጥረው ለብቻው ያስቀምጡ። በስልክ የሚከፍሉ ከሆነም ተራዎ ከመድረሱ በፊት መተግበሪያውን ከፍተው ይጠብቁ።

ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃ ፈሳሽና ንጹሕ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ይያዙ። ማጽጃው ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል፤ በዘይት ወይም በአፈር የተለወሰ እጅ ላይ ግን እሱም ብዙ አይሠራም። ሳሙናና ውሃ ካገኙ 20 ሰከንድ ያህል እየፈተጉ መታጠቡ ይቀድማል። ከሻጩ የሚገዙት ነገር በምን ተጠቅልሎ እንደሚሰጥ ካላወቁ፣ ምንም ያልተጻፈበት ንጹሕ ወረቀት አጣጥፈው ቦርሳዎ ውስጥ ይጨምሩ።

አንጀትዎ እስኪታጠፍ ድረስ ተርበው አይሂዱ። ረሃብ የጠናበት ሰው ቆሞ ለመመልከትም ሆነ የሚቀጥለውን ዙር ለመጠበቅ ትዕግሥት አይኖረውም፤ ከትሪው ላይ የተገኘውን አንስቶ ይጎርሳል፣ ከዚያ ጣዕሙን ያማርራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰዎች፣ ፊታቸው በስሎ ከወጣው ውጪ ያለውን ሁሉ ይተዉ። ለሌላው ሰው የአንድ ቀን የሆድ ቁርጠት የሆነ ነገር ለእነርሱ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ይምረጡ

ወረፋ ያለበት ሻጭ ይሻላል ሲባል የሚሰማው፣ ሰው ስለወደደው ብቻ አይደለም። ገዢ ሲበዛ የተጠበሰው ወዲያው ወዲያው ስለሚያልቅ ትሪ ላይ ተቀምጦ የሚቆይ ነገር አይኖርም። ይህ እውነት ቢሆንም ግፊያው ከሚበረታበት ሰዓት ይልቅ ግፊያው ሊጀምር ሲል ቢደርሱ ይመረጣል። ሻጩ ወረፋውን ለማቃለል ሲል መጥበሻውን አጭቆ ሲሞላው፣ ቀዝቃዛው ሊጥ የዘይቱን ሙቀት በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ዘይቱ ሲበርድ ደግሞ መክሰሱ ላዩ ሳይደርቅ ዘይት ይጠጣል፣ ውስጡም ሳይበስል ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ረጅም ወረፋ ስላዩ ብቻ ልብዎን አይጣሉት፤ መጥበሻውንም ይመልከቱ።

ሻጩ ሊዘጋ በሚሰናዳበት ሰዓት አይሂዱ። በዚያን ጊዜ የሚቀረው የቀኑ ትርፍ ነው፤ ዘይቱም ቀኑን ሙሉ የሠራ ነው።

ደረጃ 2፦ ከመጠጋትዎ በፊት ቆመው ይመልከቱ

ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ራቅ ብለው ይቁሙ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ተጠግቶ ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ ይሉኝታ ስለሚይዘው ያልወደደውንም ገዝቶ ይሄዳል። በሩቁ እያሉ ግን ማንንም ሳያስቀይሙ መንገድዎን መቀጠል ይችላሉ።

ዘይቱ። ጥሩ የመጥበሻ ዘይት ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ይህንን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግዎትም፤ አዲስ ሊጥ ሲገባ ያለውን ይመልከቱ። ሊጡ ዘይቱን እንደነካ ዙሪያውን ፈጥኖ አረፋ ከከበበውና ድምፁ ጠንከር ብሎ ከተሰማ ሙቀቱ ደርሷል። በአንጻሩ ታች ወርዶ ጥቂት አረፋ እያወጣ ዝም ካለ ዘይቱ በርዷል ማለት ነው። አረፋው ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ሲወጣ የሚፈጠር ነው፤ እንፋሎቱ በኃይል ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይት ወደ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል።

ቀለሙም ይናገራል። ጠቆር ማለቱ ብቻውን ጥፋት ባይሆንም፣ ጠቁሮ የወፈረ፣ ምንም ሳይገባበት ላዩ ላይ የማይጠፋ አረፋ የያዘ፣ ገና ሳይግል የሚጨስ ወይም ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ያለው ዘይት ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱን አብረው ካዩ ይለፉት።

እጁ። ምግቡን የሚያነሳው በምን እንደሆነ ይከታተሉ። በጭልፋ፣ በመቆንጠጫ ወይም በወረቀት አንሥቶ የሚሰጥ ሻጭ፣ ገንዘቡንም በሌላ እጁ ወይም በሳሕን ላይ የሚቀበል ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለት ሆነው የሚሠሩበትና አንዱ ገንዘብ ብቻ የሚይዝበት ቦታ ከሁሉ ይመረጣል። ጓንት ማድረጉ ግን አያታልልዎ፤ በዚያው ጓንት ብር ቆጥሮ ምግብ የሚያነሳ ሰው ከባዶ እጅ አይሻልም።

የበሰለውና ያልበሰለው። ጥሬ ሥጋ ወይም ጥሬ እንቁላል ያረፈበት ዕቃ ላይ የበሰለው ተመልሶ ሲቀመጥ ካዩ ያ ቦታ አልቆለታል፤ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ አይግዙ።

ውሃው። ሳሕንና ማንኪያ የሚለቀለቁት ጠዋት በተቀዳ አንድ ባልዲ ውሃ ከሆነ፣ መክሰሱን በወረቀት ይቀበሉ እንጂ በዕቃ አይብሉ።

ደረጃ 3፦ ይዘዙ

ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከተበላ በኋላ የሚነሳ የዋጋ ክርክር ለማንም አይጥምም። ቀጥሎ ከትሪው ላይ እንዳይሰጥዎ በግልጽ ይናገሩ። ሻጩ እጁ የሚሄደው ወደ ተደረደረው ነው፤ ይህ ክፋት ሳይሆን ቀድሞ የተጠበሰው ቀድሞ እንዲሸጥለት መፈለጉ ነው። እንግዲህ «እናቴ፣ አሁን ከሚወጣው ቢሰጡኝ፤ እጠብቃለሁ» ይበሉ። የመጨረሻዋ ቃል ዋና ናት። እንደማይቸኩሉ የተነገረው ሻጭ ቅር አይለውም፤ ከኋላዎ ያለውንም ሰው ከትሪው እየሰጠ ማስተናገድ ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይዘዙ። አሥር አዝዞ አሥሩን በአንድ ወረቀት የተቀበለ ሰው ሁለቱን ትኩስ፣ ስምንቱን ደግሞ ቀዝቃዛ ይበላል፤ ሁለት ሁለት እያለ አምስት ጊዜ ያዘዘ ግን ሁሉንም ትኩሱን ይበላል። ወረፋው ይህንን የማያስችል ከሆነ ከጓደኞችዎ ጋር ተካፍሎ ማዘዝም ያው ነው።

አለርጂ ካለብዎት የሚጠይቁት ስለሚገዙት ነገር ብቻ አይሁን። «በዚህ ዘይት ሌላ ምን ይጠበሳል?» ብለው ይጠይቁ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል ወይም ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ለአለርጂ በሚበቃ መጠን ቅሪት ሊያስተላልፍ ይችላል። መልሱ ግልጽ ካልሆነልዎት ይተዉት፤ እዚህ ላይ መገመት አያዋጣም።

ትሪው ላይ ያለውን ብቻ ቢያገኙስ? አንዳንድ ሻጭ «ላሙቅልዎት» ብሎ መልሶ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ውስጡ ባዶ የሆነ ተራ ሊጥ ወይም ድንች ከሆነና ከተጠበሰ ገና ብዙ ካልቆየ ችግር የለውም፤ ቅርፊቱም ይታደሳል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሩዝ ወይም ወተት ነክ ነገር ያለበት ከሆነ ግን እምቢ ይበሉ። ሙቀት ባክቴሪያውን ቢገድልም፣ እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ባሲለስ ሲሪየስ ያሉት አስቀድመው ምግቡ ላይ የተዉት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። የተሞቀ ምግብ ሁሉ አይጎዳም የሚለው እምነት ብዙ ሰው የሚታመምበት ስሕተት ነው።

ደረጃ 4፦ ማባያውን ለብቻው ይወስኑ

መክሰሱ ከሚፈላ ዘይት ወጥቶ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሰውን የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የሚጨመረው ነው። ተከትፎ የተቀመጠ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ በጥሬ እንቁላል የተሠራ ማዮኔዝ፣ ክዳን የሌለው ስጎ ለሰዓታት ፀሐይ ላይ ይውላል፤ እሳት ደግሞ አይነካውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት ባወጣቸው አምስት ቁልፍ መርሆች መሠረት፣ ሊበላሽ የሚችል ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ጀርሞች የሚራቡትም በተለይ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎድጓዳ ሳሕን በትክክል እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

ያለማባያ የማይጥምዎት ከሆነ ከፋብሪካ ጠርሙስ ውስጥ የሚጨመቀውን፣ ደረቅ በርበሬን ወይም ጨውን ይምረጡ። ጨው ከፈለጉ መክሰሱ ከዘይት እንደወጣ ይነስነስልዎት፤ ላዩ ከደረቀ በኋላ የተነሰነሰ ጨው አይይዝም፣ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ቃሪያና ሎሚ ጀርም ይገድላሉ ተብሎ የሚወራውን አይመኑ፤ ማባያው ውስጥ ያለው መጠን ለዚያ አይበቃም።

ሁሉም ሰው አንድ ሳሕን ውስጥ እያጠቀሰ የሚበላበት ቦታ ከሆነ አይንከሩ። በማንኪያ ወረቀትዎ ጥግ ላይ እንዲያደርጉልዎት ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ሲቀበሉ

አብዛኛው ዘይት ወደ መክሰሱ ውስጥ የሚገባው መጥበሻው ውስጥ እያለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ክፍተት ላዩ ላይ የተለጠፈውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ወሳኝ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ በማጥለያ ጭልፋ አንሥቶ መጥበሻው ላይ ራገፍ ራገፍ እንዲያደርገውና ለአፍታ አቁሞ እንዲያንጠፈጥፈው በትሕትና ይጠይቁ፤ ከተቀበሉም በኋላ ወዲያው በሶፍት ሁሉንም ጎን ነካ ነካ ያድርጉት። አይጫኑት፣ ቅርፊቱ ይሰበራል።

በጋዜጣ ወይም በተጻፈበት ወረቀት አይቀበሉ። ትኩስ ዘይት ቀለሙን ያሟሟዋል፤ ቀለሙም ወደ ምግቡ ያልፋል። ፌስታልም አይቀበሉ። ስስ ፌስታል ትኩስ ነገር እንዲይዝ የተሠራ ካለመሆኑም ሌላ፣ አፉ ሲቋጠር እንፋሎቱ መውጫ ያጣና በጠብታ መልክ ተመልሶ ቅርፊቱን ያርሰዋል። ሻጩ ሌላ መጠቅለያ ከሌለው ከቤት ያመጡትን ወረቀት ያውጡ።

ደረጃ 6፦ ሳይጎርሱ ይክፈቱት

ጫፉን ትንሽ ቆርሰው ይክፈቱ። መሀሉ የሚጨስ እንፋሎት መውጣት አለበት። ውስጡ ሥጋ ካለው ቀዩ ቀለም ጠፍቶ የሚወጣው ፈሳሽ የጠራ መሆን አለበት፤ በተለይ የተፈጨ ሥጋና ዶሮ ላይ አይደራደሩ። ምግብ መሀሉ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ለመብላት አስተማማኝ ነው፤ ያለ መለኪያ ይህንን በትክክል ማወቅ ባይቻልም፣ መሀሉ ለብ ያለ ነገር እዚያ እንዳልደረሰ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ሊጡ መሀል ላይ ነጣ ብሎ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነም አልበሰለም።

ሳይከፍቱ የሚጎርሱ ሰዎች ምላሳቸውን የሚቃጠሉት ቅርፊቱን በጣታቸው ነክተው በርዷል ስለሚሉ ነው። ደረቁ ቅርፊት ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃ የበዛበት ውስጡ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አይብ፣ ድንች፣ ምስርና ጣፋጭ ማርማላታ በተለይ ክፉ ናቸው። ከከፈቱት በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ያስተንፍሱት።

ደረጃ 7፦ ቆመው ይብሉት

አሁን ይብሉት፤ እዚያው። ጣዕሙ ሙሉ ሆኖ የሚቆየው ከተከፈተ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ሲሄድ ኩርሽም የሚለው ድምፅ ይጠፋል። ስልክ ማንሣቱም፣ ፎቶ ማንሣቱም፣ መንገድ መሻገሩም ከዚህ በኋላ ይድረስ።

ከመጥበሻው ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው፣ የሚፈላው ዘይት በማይፈናጠርበትና ወረፋውን በማይዘጉበት ቦታ ይቁሙ። የመጀመሪያውን ከጫፍ በትንሹ ይግመጡ፣ በአፍንጫዎ አየር እያስገቡ በደንብ ያኝኩ። ማባያ ካለ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ይጀምሩ፤ የመጀመሪያውን ባዶውን የቀመሰ ሰው ሻጩ ምን ያህል ባለሙያ እንደሆነ ያውቃል፣ በርበሬው ከደረሰ በኋላ ግን ምላስ አይመሰክርም። መክሰሱ ቅባት የበዛበት ከሆነ በመካከል ለብ ያለ ውሃ ወይም ያልጣፈጠ ሻይ ይጎንጩ።

እየሄዱ አይብሉ። በእንጨት የተሰካ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ለልጅ ሲሰጡም ከእንጨቱ አውጥተው ይስጡ። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ኦቾሎኒም ሆነ ሌላ ጠጣር ፍሬ አይስጡ፤ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ለመቀርቀር መጠኑ ልክ ነው።

ሲጨርሱ ወረቀቱንና እንጨቱን ለሻጩ ቆሻሻ መጣያ ይመልሱ።

በዘይት ያልተጠበሰ ከሆነ

በፍም ላይ የሚጠበስ ሥጋ ሲገዙ ላዩ መክሰሉ አያታልልዎ፤ ነበልባል በደቂቃ ውስጥ ላዩን ሊያከስለው፣ ውስጡን ግን ጥሬ ሊተወው ይችላል። ነበልባሉ ያለፈበትና አመድ የለበሰ ፍም ላይ የሚጠብስ ሻጭ ይምረጡ፤ የቀመመበት ብሩሽ ጥሬው ላይም የበሰለው ላይም የሚያርፍ ከሆነ «ያለ ቅመም» ይበሉ። የከሰለውን ክፍል በጣትዎ ቆርሰው ይጣሉ።

የበቆሎ እሸት፣ የተቆላ ኦቾሎኒና ሽምብራ ከሁሉ ያነሰ ሥጋት አለባቸው። ኦቾሎኒ ላይ ግን የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም መራራ ፍሬ ካጋጠመዎት አይዋጡ፤ እዚያ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ፣ ቆልተው የማይጨርሱት መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የተቀቀለ እንቁላል ልጣጩ ሳይነሳ ይግዙና ራስዎ ይላጡት።

ፍራፍሬም እንደዚሁ ነው፤ ሙዝና ብርቱካን የመሰሉትን ራስዎ ይላጡ፣ ተቆርጦ የተደረደረ ሐብሐብ ግን ይለፉ። በረዶ ያለበት መጠጥ አይዘዙ። ማቀዝቀዝ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ከየት እንደተቀዳ የማይታወቅ ውሃ ብርጭቆዎ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ይዘው መሄድ ግድ ከሆነ

ጣዕሙ መቀነሱን አስቀድመው ይቀበሉ፤ ከዚያ የሚቻለውን ያድርጉ። የወረቀት ከረጢት ይጠቀሙ፣ አፉን ክፍት ይተዉት፣ አንዱን በአንዱ ላይ አይደርድሩ። ማባያውን ለብቻው ይያዙ፣ ወይም ከቤትዎ ያለውን ይጠቀሙ። በ2 ሰዓት ውስጥ ይብሉት ወይም ፍሪጅ ያስገቡት፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን አንድ ሰዓት ብቻ አለዎት።

ሲያሞቁ ማይክሮዌቭ አይጠቀሙ፤ ውስጡን አርሶ ቅርፊቱን ቆዳ ያደርገዋል። ኦቭን ካለዎት በ190 ዲግሪ አካባቢ አስቀድመው አግለው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያቆዩት። ኦቭን ከሌለ ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ ያለ ዘይትና ያለ ክዳን፣ በመካከለኛ እሳት እያገላበጡ ያሙቁት። በሁለቱም መንገድ መሀሉ እስኪጨስ ድረስ ይጠብቁ። ሁለተኛ ጊዜ አያሙቁ፤ የተረፈው ይጣል።

አንድ ነገር ከተበላሸ

መሀሉ ጥሬ ሆኖ ከተገኘ። የተከፈተውን ሳይነክሱት ለሻጩ ያሳዩና «ትንሽ ይጨመርበት» ይበሉ። ወረፋ ላይ ባለው ሰው ፊት ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር አያስፈልግም፤ ዝቅ ብሎ የተነገረው ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ይሰጣል። ከነከሱት ግን ተመልሶ ዘይቱ ውስጥ እንዲገባ አይጠይቁ፤ ዘይቱ የሌላውም ሰው ነው።

ዘይት ጠጥቶ ከተገኘ። ሶፍት ቅርፊቱ ውስጥ የገባውን ዘይት አያወጣም። አንዱን ይብሉና ሁለተኛ አይዘዙ፤ በሌላ ሰዓት ይመለሱ። መጥበሻው ተጨናንቆ ከነበረ ጥፋቱ የዚያ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

አፍዎን ካቃጠለዎት። ከመዋጥ ይልቅ ሶፍት ላይ ይትፉት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍዎ ውስጥ ደጋግመው ይያዙ። ዘይት ቆዳዎ ላይ ተፈናጥሮ ከሆነ ቀዝቀዝ ባለ ወራጅ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ በረዶ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀቡ።

ሰው ካነቀው። መሳል ከቻለ እንዲስል ይተዉት። መሳልም መናገርም ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሰው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ ግርጌ አምስት ጊዜ በኃይል ይምቱ። ካልወጣ ከኋላው ቆመው ቡጢዎን ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ አጥንት በታች አድርገው በሌላው እጅዎ ይደግፉና ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ይሳቡ። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቁ ይቀጥሉ፤ በዚህ መሀል ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ሆዱን አይጫኑ።

ሆድዎን ካመመዎት። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው። የኦ አር ኤስ ዱቄት ካለ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይበጥብጡ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ አናቱ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፤ ጨው መብዛቱ በተለይ ለሕፃን አደገኛ ስለሆነ መጠኑን በግምት አያድርጉት። ቢያስመልስዎትም ጥቂት ጥቂት እያሉ ይጠጡ። ከመድኃኒት መደብር አንቲባዮቲክ በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለም ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት አይውሰዱ።

ተጠያቂውን ለማወቅ አይቸኩሉ። የስታፊሎኮከስ መርዝ ከበሉ በ30 ደቂቃና በ8 ሰዓት መካከል ሊያስመልስ ይችላል፤ ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ ሳልሞኔላ ደግሞ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሆድዎን ያሳመመው የግድ ልክ ከመታመምዎ በፊት የበሉት መክሰስ ላይሆን ይችላል።

ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳቱ ወደ 39 ዲግሪ ከተጠጋ፣ ተቅማጡ ከ3 ቀን ካለፈ፣ ምንም ፈሳሽ ሆድ ውስጥ አልቆይ ካለ ወይም ሽንት ከቀነሰና ሲቆሙ የሚያዞር ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሕፃን ልጅ ከሆነ እነዚህን ምልክቶች አይጠብቁ፤ እንባ የሌለው ለቅሶ፣ የጎደጎደ ዓይንና ከተለመደው የበዛ እንቅልፍ በቂ ምክንያት ናቸው። ለሐኪሙ ባለፉት ቀናት ምን ምን እንደበሉ፣ በስንት ሰዓት እንደበሉና አብሮዎት የበላ ሌላ ሰው ታሞ እንደሆነ ይንገሩ።